ልጄ በቃሏ የያዘችው ቁጥር

ቀን፦ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለርብ ቴሌኮም አክሲዮን ማኅበር
የወረታ አገልግሎት ማዕከል ኃላፊ
ወረታ

ጉዳዩ፦ ሳልሸጠውና ሳልሰጠው ለሌላ ሰው የተሰጠው የስልክ ቁጥሬ እንዲመለስልኝ፣ ልጄ የደወለችበት ቁጥርም እንዲነገረኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ቱርኪያ አብዱልባሲጥ በወረታ ከተማ የምኖር የሩዝ ነጋዴ ስሆን፣ ለዚህ ቢሮ ስጽፍ ይህ አራተኛዬ ነው። ሦስቱ ማመልከቻዎቼ የጽሑፍ መልስ አላገኙም። ሌላ የማውቀው በር ስለሌለ እንደገና መጣሁ።

1. ቁጥሩን ያወጣነው ሟቹ ባለቤቴ መሐመድዘይንና እኔ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። በሱቃችን በር ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ሩዝ በምንሞላበት ኬሻ ሁሉ ላይም ታትሟል። በፎገራ ሜዳ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ያንን ቁጥር በቃሉ ይዞታል። ከሁሉ በላይ ግን ልጄ ሪሃና ይዛዋለች።

2. ሪሃና ዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። በገባች በሳምንቷ አሠሪዎቿ ስልኳን ወስደውባታል። የላካት ደላላም ከጠፋ ቆየ። በዓመት ሁለት ቀን፣ በዒድና በአረፋ፣ አሠሪዎቿ ወደ ዘመዶቻቸው ቤት ይዘዋት ሲሄዱ፣ እዚያ የምትሠራ ሌላ ሐበሻ ስልኳን ታውሳታለች። ትደውልልኛለች። ደቂቃ አይሞላም። «እማየ፣ ደህና ነሽ?» ትለኛለች፤ ደህና ነኝ እላታለሁ፤ ይዘጋል። እኔ ዓመቱን የምኖረው በዚያች ነው።

3. በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ አረፋ ካለፈ በኋላ፣ ጉማራ ሞባይል የተባለው አዲስ ድርጅት ወረታ ገባ። ዋጋው ርካሽ ነበር። ከእናንተ ስልክ ወደ እነሱ መደወል ግን ኪስ ያራግፍ ነበር። መጀመሪያ ባለ ባጃጆቹ ሄዱ፤ ቀጥሎ ባለ ሩዝ መፈልፈያዎቹ፤ ከዚያ ገበሬው በእድሩና በሰንበቴው ተጠራርቶ ነቅሎ ሄደ። ሰው የሌለበት ስልክ ምን ያደርጋል? እኔም ተከተልሁ። ቁጥሬን ይዤ ልሂድ ብል በእናንተም በእነሱም ዘንድ አይቻልም ተባልሁ። እንግዲህ ቤት የቀየረ ሰው ስሙን ጥሎ ይሄዳል ማለት ነው።

4. ጥፋቴን አልደብቅም። ቀፎዬ አንድ ሲም ብቻ የሚይዝ ነው። የእናንተን ሲም አውጥቼ ለዒድ እመልሰዋለሁ ብዬ በሻሼ ጫፍ ቋጠርሁት። በእኛ ሜዳ ማሳ አንድ ዓመት ጦም ቢያድር ባለቤቱ አይቀየርም፤ ጎረቤትም ድንበሩን አይገፋም። ቁጥርም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። መቶ ሰማንያ ቀን ያልሠራ ቁጥር ለሌላ እንደሚሰጥ የነገረኝ የለም። ውሉ ላይ ተጽፏል ብላችኋል፤ ይሆናል።

5. መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የዒድ ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ሲሙን ከተትሁት። አልሠራም። በአዲሱ ቁጥሬ ወደ ገዛ ቁጥሬ ብደውል አንድ ወንድ አነሣና፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሰኝ «እናቴ፣ እኔ ዘንድ ሩዝ የለም» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ብደውልም፣ በጎረቤት ስልክ ባስደውልም አያነሣም። ለካ ሩዝ ፈላጊ መከራውን አብልቶት ኖሯል። ማን እንደሆነ ንገሩኝ ብዬ ቢሮዎ ብመጣ የደንበኛ ምሥጢር ነው ተባልሁ።

6. ሰውየውን ያገኘልኝ ኬሻው ነው። ዘመነ ይባላል፤ በአንበሳሜ የውኃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው ነው። የገዛ ቁጥሩን ገበያ ላይ በሩዝ ኬሻ ታትሞ ቢያየው ተናዶ፣ ሱቄን እያጠያየቀ ሰኔ 5 ቀን ወረታ ድረስ መጣ። ቁጥሬን ከኬሻው ላይ አጥፉልኝ አለኝ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ሪሃና ነው። ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ የውጭ አገር ቁጥር ስለሆነ አንሥቶታል። በዒድ ተሳስተሻል ብሏታል። በአረፋ ደግማ ደውላ ስሜን ጠርታ «ሞታ ነው?» አለችው። የማያውቀውን ሰው ሞተ ወይም አለ ማለት ከበደውና ዝም አለ።

7. ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። በስልክ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው ግን ነግሯል። ሪሃና የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ዝምታውን ሰማች፣ ዘጋች። ዘመነ ይህን ሲነግረኝ ራሱ አለቀሰ። ልጄ አሁን በሰው ቤት እየሠራች እኔን ታለቅሳለች። ሞታለች ብሎ ወዳመናት እናት ደግሞ ማን ይደውላል?

8. ዘመነ ቁጥሩን ሊመልስልኝ ፈቃደኛ ነው። ነገር ግን መታወቂያው፣ የባንክ ደብተሩ፣ የማዳበሪያ ምዝገባው ሁሉ በዚያ ቁጥር ታስሯል። ወደ ሌላ ቁጥር ካላዛወራችሁለት ሲሙን ቢሰጠኝ እሱም እንደ እኔ ይሆናል። ሁለታችን አብረን መስኮታችሁ ፊት ቆመን ነበር፤ ሠራተኛዋ ሲስተሙ አይቀበልም አለችን። ሲስተሙ የት እንደሚቀመጥ ባውቅ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ሪሃና የደወለችበት ቁጥርም ከዘመነ አሮጌ ቀፎ ጠፍቷል። እሱ ቢጠይቅ የምትሰጡት እሱ የደወለባቸውን ቁጥሮች እንጂ ወደ እሱ የተደወለባቸውን አይደለም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጪ ብላችሁኛል፤ ፍርድ ቤቱ ማንን ከስሰሽ ነው ይለኛል።

ስለዚህ፦

ሀ) የዘመነ ጉዳዮች ወደ ሌላ ቁጥር ተዛውረው ቁጥሬ እንዲመለስልኝ፤

ለ) ግንቦት 29 ቀን ከውጭ አገር የተደወለበት ቁጥር እንዲነገረኝ፤

ሐ) ሁለቱም ባይሆኑ፣ ስልኩ እስኪነሣ ለበዓል ዘፈን እንደምታሰሙት ሁሉ፣ በዚያ ቁጥር ለሚደውል ሰው የእኔ ድምፅ እንዲሰማ እጠይቃለሁ። አንድ ቃል ይበቃኛል፤ ደህና ነኝ የሚል። ተመልሳ ትደውል እንደሆነ አላውቅም። ያጣሁትን የሩዝ ደንበኛ አልጠየቅሁም፤ እሱ ይቅር።

ከዚህ ጋር የዘመነን የፈቃድ ፊርማና በሕይወት መኖሬን የሚያስረዳ የቀበሌ ደብዳቤ አያይዣለሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ልጻፈው ቢለኝ፣ ለልጄ ጻፍልኝ አልሁት። አድራሻዋን ጠየቀኝ፤ አላውቀውም። እሱም «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ጽፎ ማኅተም አደረገበት።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ቱርኪያ አብዱልባሲጥ
(ፊርማ)
የሪሃና መሐመድዘይን እናት፣ በሕይወት ያለች