ስለ አሮጌው ላፕቶፔ ፕሮሰሰርና ስለ ክቡር ማኅተምዎ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒዩተርና የንብረት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠነከረ፣ ዕድሜዎም እንደ ላፕቶፔ የረዘመ እንዲሆን እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት የክፍልዎን ገቢ መዝገብ ላለማጨናነቅ ብቻ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

እኔ በሦስተኛ ፎቅ የንድፍ ክፍል በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው፣ አሥራ ስድስት ዓመት የከተማውን የውኃ መስመር ስሥል የኖርኩት ሠራተኛ ነኝ። ላፕቶፔንም ያውቁታል፤ ሲጠሩት ቶሎ ስለማይነሣ የክፍሉ ሰዎች «ጋሼ» የሚሉት ነው። ከስምንት ወር በፊት ጋሼ አዲሶቹን ንድፎች መክፈት አቃተው ብዬ ባመለክት፣ ክፍልዎ በሦስተኛው ቀን ፕሮሰሰሩ በተሻለ እንዲቀየርልኝ፣ ነገር ግን አዲሱ ከማሽኑ ጋር መስማማቱ አስቀድሞ እንዲረጋገጥ ጻፈልኝ። ለዚያ ፍጥነት ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለሆነው ግን በተራ ቁጥር ላመስግን።

፩. ባለሙያዎን ስለ ላኩልኝ አመሰግናለሁ። የተስማሚነት ቅጹ በአሥራ አራተኛው ጥያቄ ፕሮሰሰሩ የሚነቀል ነው ወይስ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ብሎ ይጠይቃል፤ የሞዴሉ ጽሑፍ ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ተፍቆ ስለ ጠፋ፣ ይህን ለማወቅ ከመክፈት ሌላ መንገድ አልነበረም። ባለሙያዎ ግን ገልብጠው አዩት፣ በመዳፋቸው መዘኑት፣ ቅጹ ላይም «የሚስማማ ይመስላል» ብለው ፈርመው ሄዱ።

፪. «ይመስላል» እንደማይበቃ ያስተዋሉት እርስዎው ነዎት፤ ተከፍቶ ይታይ አሉ፤ ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ሆኖም ከስምንቱ ብሎኖች አንዱን የሸፈነ፣ የቀደደው በሕግ ይጠየቃል የሚል የክፍልዎ ማኅተም ተለጥፎበታል። ማኅተሙን የሚያነሡት የንብረት ሠራተኛዎ ተስማሚነቱ የተረጋገጠበትን ወረቀት አምጪ አሉኝ፤ ተስማሚነቱን የሚያረጋግጡት ባለሙያዎ ደግሞ መጀመሪያ ማኅተሙን አስነሺ አሉኝ። ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ስለሚቀመጡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመመላለስ አንገቴን ማዞር ብቻ ይበቃኝ ነበር። ለዚህ ምቾትም አመሰግናለሁ።

፫. ይህኛውን በቀልድ ማለፍ አልቻልኩም። የንድፍ ክፍል ኃላፊያችን እስከ ወሩ መጨረሻ ማሽኑ አዲሶቹን ንድፎች የማይከፍትለት ሠራተኛ ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል ብለዋል። መዝገብ ቤት መሥራት ነውር አይደለም፤ እኔ ግን የምወደው ሥራ ይኸው መስመር መሣል ነው፣ ሌላ አልለመድኩም፣ እናም ፈርቻለሁ።

ፍርሃቴ ስለ ባሰብኝ ባለፈው ቅዳሜ ጋሼን አቅፌ፣ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወደ ወጡት አጎቴ ሄድኩ። አጎቴም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ካቻቢቴያቸውን አንሥተው፣ ስምንት ወር የፈጀብንን ምርመራ የቀረበላቸው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረሱት። ፕሮሰሰሩ ተበይዷል፤ አይነቀልም፣ አይቀየርም። ነገር ግን ከሁለቱ የሜሞሪ ቦታዎች አንዱ ባዶውን ተቀምጦ ኖሯል፤ ማራገቢያውም ትራስ በሚሞላ አቧራ ታፍኗል። አቧራውን ጠረጉለት፣ ከእኅቴ ልጅ የተሰበረ ላፕቶፕም ሜሞሪ አውጥተው ሰኩበት። ዛሬ ንድፉ ወንበሬን አስተካክዬ ሳልጨርስ ይከፈታል። ጋሼ እንደ ገና ጎርምሷል።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽኔ አዲሶቹን ንድፎች እንደሚከፍት የሚገልጽ አንድ መስመር እስከ ዓርብ ለክፍል ኃላፊያችን ይጻፉልኝ። ማኅተም ቀድደሻል ብለው ሊከሱኝ ካሰቡ ግን፣ እባክዎ ከፊርማዬ በታች ያለውን አስቀድመው ያንብቡልኝ።

ትዕግሥትን እስከ ጥግ ላስተማረኝ ክፍልዎ ያለኝን አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ መልስዎን በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ የምጠብቅ፣

ታዛዥዎ፣ ገና ያልተዛወረችው ንድፍ ሠሪ

ማሳሰቢያ፦ ማኅተምዎ ጫፉ እንኳ አልተነካም። አጎቴ በጣታቸው ቢጫኑት ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ከሥሩ ብሎን የለም። ስለዚህ ሰባቱን ፈትተው ክዳኑን ከነማኅተሙ አነሡት፣ ከነማኅተሙም መለሱት። ስምንት ወር ሙሉ ሕግ ፈርተን የጠበቅነው ባዶ ቀዳዳ ኖሯል። ብሎኑን ማን እንደ ወሰደው አላውቅም፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእርስዎ ነው።