ጥለቱ ወደ አንገት

ኅዳር 25፣ 2005፤ ጠዋት

ሙጫው ዛሬም አልደረቀም። የበቆሎ ቆረቆንዳዋ አሻንጉሊት አንገቷ እንደገና ወለቀ። ደብተሬ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ለዚህ ነው። ለብሔረሰቦች በዓል ፍኖተ ሰላም ባህል ጽ/ቤት የምንከፍተው ዐውደ ርእይ የአሻንጉሊት ልብስ ታሪክ ነው። ሐሳቡ የኔ፣ ጣጣውም የኔ። መጀመሪያ እናቶቻችን በልጅነታቸው የሰፏቸው የጨርቅ አሻንጉሊቶች፣ ቀጥሎ የሱቅ ፕላስቲኮች፣ መጨረሻ ላይ ከቤይሩት የመጣችው። ወገቧ ቀጭን፣ ፀጉሯ ወርቅማ፣ ተረከዟ መሬት የማይነካ።

እሷን ያዋሱን የቡሬ ገጠር ነዋሪ ወ/ሮ አትክልት ናቸው። ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ስመኝ የላከችላቸው ናት። ስመኝ ከመስከረም ወዲህ አልደወለችም። ወ/ሮ አ. ሲሰጡኝ ጉንጯን ሳሟት፣ እንዳይበርዳት አሉኝ። ያኔ ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ደስ አይለኝም።

ኅዳር 27፤ ከሰዓት

ልብስ ሰፊው ለቤይሩቷ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ሰፍቶ አመጣ። አለበስኳት። የመስታወት ሣጥኑ የታችኛው ጠርዝ ግን ጥለቱን ሸፈነብኝ። ነጠላውን ገልብጬ ጥለቱን ወደ አንገቷ አወጣሁት። ቀዩ ታየ። አማረ።

ዘበኛችን ጋሽ አየነው አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ምነው አልኳቸው፤ ምንም አሉ። የትም ብቆም የአሻንጉሊቷ ዓይን ይከተለኛል። ቀለም እኮ ነው።

ኅዳር 29፤ 10 ሰዓት

ተከፈተ። ክብር ነው ብለን ለወ/ሮ አ. መኪና ላክንላቸው። የጾም በያይነት አቀረብንላቸው፣ ግራና ቀኛቸው ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከዚያ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ሣጥኑ ወሰድኳቸው።

ብዙ ቆሙ። የራሳቸውን ነጠላ ቀስ ብለው ገለበጡት፣ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ዋለ። ግንባሬን ሳሙኝና በወጉ ስላደረጋችሁት እግዜር ይስጥልኝ አሉ። ሄዱ። ዐውደ ርእዩን ወደዱት ብዬ ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 30

ወ/ሮ አ. ድንኳን ተክለዋል። ጋሽ አየነው ናቸው የነገሩኝ።

ጥለት ወደ አንገት የሚወጣው ለሐዘን ነው። ማን የማያውቅ አለ? እኔም አውቃለሁ። ያን ቀን የታየኝ ግን መስታወቱ ብቻ ነበር። መርዶ ደግሞ ፊት ለፊት አይነገርም። ሰውየውን ያስጠሩታል፣ እህል ያስቀምሱታል፣ ሽማግሌ አጠገቡ ያስቀምጣሉ። ሁሉንም አድርገናል። ስመኝን በእጄ ገደልኳት።

ያኔ ሲያዩ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጋሽ አየነው ላይ ጮህኩ። እኔም መርዶ መስሎኝ ነው አሉ።

ታኅሣሥ 1፤ ቡሬ ገጠር

እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ተሳስቼ ነው፣ ልጅዎ ሞተች ያለ ሰው የለም አልኳቸው። እጄን ያዙ። አይዞሽ ልጄ፣ ነጋሪ ሁሉ ኋላ ይጨንቀዋል አሉኝ። እኔን ነው የሚያጽናኑት። ባስተባበልኩ ቁጥር ለቅሶው ይብሳል።

ሴቶቹ የስመኝን ቀሚስ ከፍ አድርገው ይዘው ይዞራሉ። ባዶ እጅጌው ሲወዛወዝ ለአፍታ አመንኩ። በሕይወት አለች ብዬ መማልም አልችልም። የስመኝን ቁጥር ከጎረቤት ተቀብዬ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ፈራሁ።

ታኅሣሥ 2፤ ጠዋት 4 ሰዓት

እዚሁ ጎረቤት ቤት አደርኩ። አሁን ስልኬ ላይ ደወለች። ስመኝ። አሠሪዎቿ ስልኳን ወስደውባት ነበር፣ ዛሬ መለሱላት። ሮጬ ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ አደረግኩላቸው። አዳመጡ። መለሱልኝ። የማንም ልጅ ትሁን ትባረክ፣ የልጄን ድምፅ አስመስላዋለች፣ ከእንግዲህ ግን አታድክሙኝ አሉ። ወደ ለቅሷቸው ዞሩ።

ውጭ ወጣሁ። ስመኝ ማን ሞቶ ነው የሚለቀሰው አለችኝ። ነገርኳት። በሹክሹክታ፣ እናቴ ምን እያለች ነው የምታለቅሰኝ አለች።

ተመልሼ ገባሁ። ከወ/ሮ አ. አጠገብ ተቀመጥኩ። በግራ እጄ ስልኩን ወደ እሳቸው ይዤ በቀኜ ይህን እጽፋለሁ። አልዘጋችም። እናቷ ስሟን እየጠሩ ያለቅሳሉ፤ በጠሩ ቁጥር ከስልኩ ውስጥ አቤት፣ አቤት ትላለች