የአያቶቼ ኪራይ

እሑድ፣ ኅዳር 4 ቀን 2009

ልጄን መቅደሴን ጠየቋት። ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው በራችን ላይ ቆሙ። ነጠላዬን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ምን እንደሆነ ገባኝና ወንበር ላወጣ ሮጥኩ። ደስ ሲለኝ መጀመሪያ የሚያውቀው እግሬ ነው።

እንዴት ዋልሽ ሳልልሽ ጀመርኩ፣ ደብተሬ። እንዴት ዋልሽ።

ልጁ ታምራት ነው፣ ከማጀቴ ከተማ የመጣው። እዚሁ ሸዋ ሮቢት ከመቅደስ ጋር ጤና ጣቢያ ይሠራል፣ ላብራቶሪ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን የሚሸፍን። እኔ ነገሩን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ባሌ ካሳሁንም ያውቃል፤ ግን ዛሬ ገና የሰማ መስሎ ተቀመጠ። ሲያስመስል ጢሙን ይነካካል።

"ልጃችሁን ለልጃችን" አሉ። ካሳሁን እንደ ደንቡ "እንመካከርበት" አለ። እነሱም እንደ ደንቡ "ዘሩም ይቆጠር" አሉ። ከሰባት ቤት ወዲህ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም፤ ቢዋደዱም፣ ቢያለቅሱም የለም። መልስ ኅዳር 25 ተባለ።

ዘር ቆጠራ ለእኔ ምን አላት? አባዬ ከማረፉ በፊት ሁለት ክረምት አልጋው ሥር ተቀምጬ እሱ ሲናገር እኔ ላፕቶፕ ላይ ስተይብ... ማን ማንን ወለደ፣ ማን ወዴት ተዳረች። የመጨረሻው ቀን "ጨረስሽ?" አለኝ። "ጨረስኩ አባዬ።" "እንግዲህ እኔም ልጨርስ" ብሎ ሳቀ። ሁሉም እዚያ ማስታወሻ መያዣው ፕሮግራም ውስጥ አለ። ነገ ከፍቼ በአንድ ትንፋሽ አነበዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 5

አስጠላኝ። ምራቄን ሁሉ ነው ያመረረው።

ከፈትኩት። የአባዬ ዘር ሊመጣ ሲገባው አንድ ነጭ ሣጥን መጣ፣ በእንግሊዝኛ። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ያን አያቅተውም፤ ግን ዓይኔን አላመንኩትምና መቅደስ ከሥራ እስክትመጣ ጠበቅሁ።

"የነጻው ጊዜ አልቋል፣ ማስታወሻሽን ለማየት በየወሩ ክፈዪ ነው የሚለው እማዬ።"

"የማንን ማስታወሻ?"

"ያንቺን።"

"ለማን ነው የምከፍለው?"

"ለነሱ።"

የራሴን ነገር ለማየት... ለነሱ።

"ቆይ፣ አንድ ነገር ጠይቆሽ ነበር?" አለችኝ። ጠይቆኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ሳለሁ፣ ዋይፋይ ሲያገኝ ብቅ አለ። አዲስ ሆኛለሁ፣ ጽሑፍሽን ወደ ተሻለ ቦታ ላዛውርልሽ ወይ? እባክሽም ብሏል። ሁለት መጫኛ ነበረው። አንዱ ትልቅ፣ ሰማያዊ፣ "እሺ" የሚል። ሌላው ከሥር እንደ ቅማል የተለጠፈ። እኔ ደግሞ እናቴ "እሺ ይበልጣል ከሺህ" እያለች ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። በጨዋ ደንብ የጠየቀን እንዴት እምቢ ይባላል? እሺ አልኩት። የጨዋ ልጅ መሆኔን ማን ነገረው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ላፕቶፑን ታቅፌ በባጃጅ ነጅሙዲን ዘንድ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው፣ የመሪያም ልጅ። ስልክ ላይ ዳታ ከተዘጋ ከወር በላይ ሆኖታል፤ እሱ ቤት ያለው የሽቦው መስመር ብቻ ነው፣ እሱም ሲፈልገው።

"እትዬ ትርንጎ፣ ይሄ ፕሮግራም ድሮ ጽሑፉን እዚሁ ማሽኑ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። አሁን ወደ ኢንተርኔት ወስዶታል።"

"ማን ውሰድ አለው?"

"እርስዎ ነዎት ያሉት።"

"የት ነው የወሰደው?"

"ባሕር ማዶ። ትልልቅ ማሽን አላቸው፣ እዚያ ያስቀምጡታል።"

አባዬ በሕይወቱ ከደሴ ወዲያ ሄዶ አያውቅም።

"በል ልክፈልና ይልቀቀው።"

"የውጭ ካርድ ነው የሚቀበለው። እዚህ አገር እኔም የለኝ፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅም የለው።"

"በባንክ ባስገባስ?"

"አይቀበልም።"

"የሚሄድ ሰው ተገኝቶ በእጅ ብልክ?"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዕቃሽን ይዞ ኪራይ አምጪ የሚል፣ ስታመጪለት ደግሞ ገንዘብሽን የሚጠየፍ... እንዲህ ያለ ነጋዴ ታይቶ ያውቃል? እዚሁ ማሽኑ ውስጥ የቀረ ካለ እይልኝ አልኩት። ብዙ ፈለገ፣ ልጁ ደግ ነው። "ካዛወረ በኋላ ጠርጎታል" አለኝ እያፈረ። እሱ ምን ያሳፍረዋል?

ጎረቤቴ ድስትሽን ላስቀምጥልሽ ብላ ወስዳ፣ ወጥ ልሠራ ስል ኪራይ ብትጠይቀኝ በዕድር ዳኛ ፊት አቆማት ነበር። ይሄንንስ በየትኛው ዳኛ ፊት ላቁመው?

እሑድ፣ ኅዳር 11

ብርቱካን መጣች። ያጎቴ ልጅ ናት፣ ለደስታም ለሐዘንም ቀድማ የምትደርስ።

"እኔ ለመቅደስ ብዬ ነው" ብላ ጀመረች። እንደዚያ ስትል ከኋላ ያለው መቼም ደግ አይደለም። "አባትሽ አንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቻለሁ። የዳምጠው ልጅ፣ አስካለ የምትባል፣ ማጀቴ ተድራለች። የልጁ አያት፣ መነኩሲቷ፣ የአስካለ ልጅ ልጅ ነኝ ይላሉ አሉ።"

ዳምጠው የአባዬ አያት ነው። ከመቅደስ ሲቆጠር አምስተኛ። አምስተኛ...

"ያንቺ ማሽን ምን ይላል?" አለችኝ።

"ገና አላየሁትም።"

"እዪዋ። ሰው እኮ እየጠየቀ ነው።"

ለመቅደስ ብላ ያቀረብኩትን ቆሎ ጨርሳ ሄደች።

አስካለን ጽፌያታለሁ። ፊደሏን እየፈለግሁ መምታቴ ትዝ ይለኛል። ከስሟ ቀጥሎ የጻፍኩትስ? አባዬ ነገረኝ፣ እኔ መታሁ፣ ተቀምጧል ብዬ ከራሴ ለቀቅሁት። ጭንቅላቴን ባዶ ቤት አደረግሁት ማለት ነው?

መቅደስ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ወጥታ የሥራ ጋውኗን አጠበች። ትናንት ያጠበችውን።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ከፈትኩት። ያው ሣጥን ነው። ሰደብኩት። ካሳሁን ከሽንኩርት ማሳው ሲገባ "ከማን ጋር ነሽ?" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17

ታምራት ሁለት ቀን ሥራ አልገባም። መቅደስ ምሳ አትበላም፣ "ጾም ነው" ትላለች። ጾሙ የገባው ሐሙስ ነው፤ እሷ ከሰኞ ጀምሮ ነው የጾመችው።

ጋሼ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። የአባዬ የአክስት ልጅ ናቸው፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ። የእሳቸው ዕድሜ ሰው ዘር የሚቆጥር ሌላ አልቀረልንም። በር ላይ ተቀምጠው ማሾ ይለቅማሉ።

"መጣሽ? ወይስ መኪናሽ ተበላሸ?" ላፕቶፑን መኪና ነው የሚሉት።

"ተበላሸ ጋሼ።"

"አባትሽ ከሞተ ወዲህ በሬን አልረገጥሽም። ጽፌዋለሁ አልሽና ተውሽን። የጻፍሽው የት አለ?"

"ባሕር ማዶ ወስደውታል።"

"ዳምጠውን? ባሕር ማዶ?" እስኪያስላቸው ሳቁ። "ያ ሰው እኮ አዋሽን መሻገር ይፈራ ነበር።"

አስካለን አነሳሁባቸው። ሳቃቸው ቆመ። የማሾውን ሰፌድ ወደ ጎን አሉት።

"አንድ ወገን ብቻውን ዘር አይቆጥርም፣ ልጄ። እኛ ከእኛ እንወጣለን፣ እነሱ ከነሱ ይወጣሉ፣ የምንገናኝበትን ያኔ እናያለን። አባትሽ የኛን ነው የነገረሽ። ማጀቴ ከገባች በኋላ ያለውን ማን ይንገርሽ?"

"አንቱስ የሚያውቁት የለም?"

"ያለኝን መነኩሲቷ ፊት ነው የምለው። ሐሙስ ውሰጂኝ።"

ለመኑኝ እንጂ እኔ አልለመንኳቸውም። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ ወይስ ላብ ነው... ቆላው አይለይም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 22

ከማጀቴ አሁን ገባሁ። ልጻፈው።

በሚኒባስ እስከ አጣዬ፣ ከዚያ በሌላ መኪና። ጋሼ ወርቁ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው መንገድ ላይ ያለውን ጎጥ ሁሉ የማን ርስት እንደነበር ነገሩን። ካሳሁን ተኛ። እማሆይ፣ የታምራት አያት፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን እጄን ይዘው "የዳምጠው ጣት ነው ይሄ አጭሩ" አሉኝ። ጣቴ ሳይቀር መሰከረብኝ።

ታምራት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ቁጠራው ተጀመረ። ጋሼ ወርቁ በጣታቸው፣ እማሆይ በመቁጠሪያቸው። መቅደስ፣ ትርንጎ፣ አባዬ፣ የአባዬ አባት... በዚያ በኩል ታምራት፣ አባቱ፣ እማሆይ፣ የእማሆይ እናት... አስካለ ላይ ደረሱ።

"አስካለ የማን ናት?" አሉ ጋሼ ወርቁ።

"የዳምጠው ቤት ልጅ።"

"የዳምጠው ልጅ ነው ያሉት፣ ወይስ የዳምጠው ቤት ልጅ?"

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። "እናንተ ዛሬም ትደብቃላችሁ? አያቴን እናቷ አዝላት ነው ዳምጠው ቤት የገባችው። ወላጅ አባቷ የመንዝ ሰው ነው፣ ቆላ ወርዶ ንዳድ ገደለው። ዳምጠው አሳደጋት፣ ዳራት፣ አልወለዳትም። ራሷ ናት የነገረችኝ።"

"እውነት ነው" አሉ ጋሼ ወርቁ። "እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነው።"

ታምራት አፉን ሳይሸፍን ሳቀ። ጥርሱ እንዲህ ያማረ መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት።

"ታዲያ ጋሼ፣ ቅዳሜ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ነፍሴ ወጥታ ነበር።"

"እኔ ብቻዬን ብናገር ልጅ ለመዳር ብሎ የሰፋው ነው ይባላል። ከነሱ አፍ መውጣት ነበረበት።"

"አባዬስ ያውቅ ነበር?"

"እንዴት አያውቅም። የእንጀራ ልጅ የሚለውን ቃል ግን ቤቱ አያስነሳም። ያሳደጉት ልጅ ነው፣ በቃ ይል ነበር።"

ያኔ ነው ከነፊደሉ ትዝ ያለኝ። "ልጁ አስካለ፣ ማጀቴ ተዳረች።" እንደዚያ ነው የመታሁት። ልጁ። ያ ሣጥን ተከፍቶልኝ ቢሆን አንብቤ፣ አምኜ፣ ማጀቴም ሳልሄድ በአባቴ ቃል ልጄን ከምትወደው እለያት ነበር።

ታዲያ ፕሮግራሙን ላመስግነው? የለም። የተሰረቀው እህል ነቀዝ ነበረበት ተብሎ ሌባ አይመሰገንም።

እሑድ፣ ኅዳር 25

መልስ ተሰጠ። እሺ ተባለ። ካሳሁን ጢሙን ሳይነካ ተናገረ። ብርቱካን "እኔ ከመጀመሪያውም ብዬ ነበር" አለች። ምን እንዳለች አልጠየቅሁም። መቅደስ ምሳዋን በላች፣ ደግሞ ጨመረች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 6

ዳታው ተለቋል። ነጅሙዲን በሱቁ ሳልፍ ጠራኝ፣ ኢሜይሌን እሱ ነው የከፈተልኝ።

"እትዬ፣ ደብዳቤ መጥቶልዎታል። ከፕሮግራሙ።"

"ምን ይላል?"

"ውድ ትርንጎ፣ ናፍቀሽናል።"

ናፍቀሽናል... የአባቴን አያት አስሮ ይዞ ናፍቀሽናል። ይሄ ማፈሪያ። ብትመለሺ በግማሽ ዋጋ፣ ካልተመለሽ በየካቲት ሁሉም ይጠፋል ይላል። ካርዱ ግን ያው የውጭ ነው።

"ምን ልበላቸው?"

የአባዬ ሁለት ክረምት ነው ያለው እዚያ ውስጥ። ሲደክመው አቁሜ፣ ውኃ አጠጥቼው የቀጠልንበት። አንዳንድ ቦታ እሱ የቀለደውን ሁሉ ጽፌያለሁ። ያ አይመለስም።

"እምቢ በላቸው" አልኩ።

ከሥር ያለችውን ትንሿን ጫነ። ሌላ ሣጥን መጣ። "እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል።"

"እምቢ አልኩ አይደል? አሁንም እምቢ በለው።"

"አይ፣ እዚህ ላይ እምቢ ለማለት አዎ ነው የሚባለው።"

አየሽ ተንኮሉን? እምቢታን እንኳ በእሺ በኩል ነው የሚያስገባው። እጄን ዘርግቼ ራሴ ጫንኩት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 30

ገና አልፎ ቤቱ ዛሬም ሙሉ ነው። መልሱ ከተሰጠ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ወርቁ ዘንድ እየሄድን ነው፣ እኔ፣ መቅደስና ታምራት። አልጽፍም። እሳቸው ይላሉ፣ እኛ እንደግማለን፣ ስንስት በማሾ ይወረውሩናል። ትናንት በገና መቅደስ እንግዳው ፊት ቆማ አንድም ቦታ ሳትቆም ቆጠረች። አስካለ ጋ ስትደርስ "ዳምጠው ያሳደጋት፣ የመንዙ ሰው የወለዳት" አለች፣ ሳታፍር። አባዬ ቢሰማ ይቆጣት ነበር ወይስ... እኔ እንጃ። ጋሼ ወርቁ ግን "ይቺ መኪና አትበላሽም" አሉ።

ላፕቶፑን ነጅሙዲን ወሰደው፣ ልጆች ያስተምርበት። ለሠርጉ እሱ ከነእናቱ ተጠርቷል፤ ለእስላሞቹ የሚታረደውን አጎቱ አብዱልሃዲ ያርዳሉ፣ ድስቱም ለብቻው ነው። እማሆይ ከማጀቴ በታምራት ወገን መኪና ይመጣሉ። ጋሼ ወርቁን ካሳሁን በባጃጅ ያመጣቸዋል። ብርቱካንም ትምጣ፣ ቆሎ አለ። ከቀወት፣ ከአጣዬ፣ ከማጀቴ፣ የሰማ ሁሉ፣ ያልሰማም ሰምቶ።

ጥር 21፣ እሑድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት። የቀረ ዘሬ አይደለም።