ስምህን የያዘችው አሰልጣኝ

ኦስሎ፣ ጥቅምት 2009 ዓ.ም.

ለሔርሜላ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ የግራ ጉልበትህስ? እህትህ አሰለፈች በደወለች ቁጥር ቀድማ የምትነግረኝ ስለ ጉልበትህ ነው። ሐኪሙ ከሜዳ ራቅ ቢልህም፣ ማለዳ ማለዳ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሜዳ ዳር ቆመህ የሰው ልጆች ላይ ትጮሃለህ አሉ። ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ገና መግባቱ ነው።

ከእኔ ደብዳቤ ሲደርስህ መደንገጥህ አይቀርም። አይዞህ፣ የታመመም የሞተም የለም። የጻፍኩልህ ልኮራብህ ነው። ልጅህ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነች። ያውም የወንዶቹ!

ኮሌጁ እኔ በነርስነት የምሠራበት ነው። ቡድኑን ብታየው ታዝን ነበር። ባለፈው ዓመት አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ጨረሰ፤ አሰልጣኙም በመሃል ጥሎት ሄደ። ኮሌጁ ዘንድሮ ደህና ሰው ካልተገኘ ቡድኑ ይፈርሳል አለና አምስት ሰዎች ያሉበት መራጭ ኮሚቴ አቋቋመ። ተጫዋቾቹ ጉዳት ስለበዛባቸው ከጤና ክፍል እኔን አስገቡኝ። ለማንም አትናገሩ ስለተባልን ለልጄም አልነገርኳት። ለካ እሷም ማመልከቻ ማስገባቷን ደብቃኝ ኖሯል። እሷ ሊንደሩድ ሰፈር፣ እኔ ሃውገንስቱዋ ሰፈር ነው የምንኖረው፤ እሁድ እሁድ አብረን ምሳ እየበላን ሁለታችንም ዝም! ይህን ድብቅነት ከማን እንደወረሰችው እንጃ። ከእኔ አይደለም።

ማጣሪያውን የሠራው ቢሮው ስለነበር የአመልካቾቹን ስም የሰማነው በቃለ መጠይቁ ቀን ነው። ሰብሳቢያችን ቱሪል ለመጨረሻ የቀሩት ሁለት ናቸው ብላ አነበበች። አንደኛው፣ ከእኛው ከኮሚቴው ያለው የስፖርት መምህራችን ኦድቫር አብዝቶ የሚያደንቀው የቀድሞ ተጫዋች ነው። ሁለተኛዋን ሔርሜላ አለችና ያንተን ስም አስከተለች። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ቱሪል ቀጥላ፣ እንደ ደንቡ፣ ከአመልካቾቹ ጋር ዝምድና ያለው ሰው ካለ ይናገር አለች። አራቱም ወረቀቱን አዩና የለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን ማንም አልጠረጠረኝም። እዚህ አገር ቤተሰብ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ በአንድ ስም ነው። የእኔ ደረት ላይ የተለጠፈው ፋንታዬ በየነ ይላል፤ እሷ የያዘችው ያንተን ነው።

ይህ ስምህ ስንት ዓመት እንዳናደደኝ ልንገርህ። ባርነሃገ የሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ሳስገባት፣ ለወላጆች ስብሰባ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ሳስከትባት፣ ሁሉም ወይዘሮ ብሎ የሚጠራኝ ባንተ ስም ነበር። እኔም በየሄድኩበት፣ እሱ የአባቷ ስም ነው፣ እኔ የበየነ ልጅ ነኝ እያልኩ ሳርም ኖርኩ። ውድድሩ ሲያልቅ ኦስሎ እከተላችኋለሁ ብሎ እዚያው የቀረ ሰው ስም መጠሪያዬ እንዲሆን አልፈለግኩም። ያ ውድድር እስካሁን አላለቀም መሰለኝ። የልጅቷን ስም ለምን በራስሽ አታዞሪውም ያሉኝም ብዙ ነበሩ። እምቢ አልኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ከአምስታችን ሁለቱ የኦድቫርን ሰው እንደሚፈልጉ ገብቶኛል፤ የእኔ ድምፅ ልጄን ሊያስገባት ይችላል። ሥራውን ደግሞ እንዴት እንደምትመኘው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስሟን ወረቀቱ ላይ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ያ የድሬዳዋ ነገር ትዝ አለኝ። አንተ አሰልጣኝ ሆነህ የሴቶቹን ቅርጫት ኳስ ቡድን ስትመርጥ እኔን አስገባኸኝ፣ ከተማው ሁሉ ደግሞ እጮኛው ስለሆነች ነው አለ። ያን ዓመት ያስገባሁትን ኳስ በሙሉ ላንተ ቆጠሩት። ጎበዝ ነበርኩ እኮ! አንተ ታውቃለህ። ሌላ ያመነልኝ ሰው ግን የለም። ልጄ በዚያ መንገድ እንድታልፍ አልፈቀድኩም።

እጄን አነሳሁና ሁለተኛዋ ልጄ ናት አልኩ። ኦድቫር ደረቴንና ወረቀቱን እያስተያየ፣ ታዲያ ስማችሁ ለምን አይገናኝም አለኝ። እኛ ሁላችንም የምንይዘው የየአባታችንን ስም ነው አልኩት። ቱሪል አመሰገነችኝና ውጪ እንድቆይ ጠየቀችኝ።

ሔርሜላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ እንዳንተ ጉልበቷን ታንቀጠቅጣለች። ስታየኝ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። «ማማ! አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች። ነገርኳት። ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ ከመናገርሽ በፊት እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት፣ አሁን አንድ ድምፅ አሳጣሽኝ እኮ አለችኝ። ከችሎታሽ ሌላ ምንም ይዘሽ እንዳትገቢ ብዬ ነው አልኳት። ወዲያው ተጠርታ ገባች። በሩ ተዘጋ። ልጄን በገዛ እጄ ጎዳኋት ወይ እያልኩ ቀረሁ።

ውስጥ የሆነውን ኋላ ቱሪል ነገረችኝ። ኦድቫር፣ ሁልጊዜ የሚሸነፍ ቡድን ብንሰጥሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ጠየቃት። ኳሱን እቀማቸዋለሁ አለችው። እግራቸው እስኪስተካከል ኳስ አይነኩም ብላ ጨመረች። ይባስ ብላ ኦድቫርን ከወንበሩ አስነሳችና አቋቋሙን አስተካከለችለት። ሰውዬው ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እየሳቀ ቆመላት።

ይህ ከየት እንደመጣ አወቅክ አይደል? አንተ አላስተማርካትም። ሃውገንስቱዋ፣ ከብሎካችን ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ኳሱን ብብቴ ስር ይዤ፣ አንተ እኔን እንዳለፋኸኝ አድርጌ ያለፋኋት እኔ ነኝ። እያለቀሰች ኳሱን ስጪኝ ትለኝ ነበር። መጀመሪያ እግርሽን ልይ እላታለሁ፣ በራስህ ቃል።

አራቱም እሷን መረጡ። ኦድቫር ሳይቀር! ስትወጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና «ማማ፣ በራሴ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። እኔ ድሬዳዋ ላይ ልለው ያልቻልኩትን ነገር ልጄ አለችው።

ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ነበር። በሦስት ነጥብ ተሸነፉ። አትሳቅ፤ አምና ይኸው ተጋጣሚ ያደረሰባቸውን ውርደት ብታይ ኖሮ ይህን ድል ትለው ነበር። ተመልካቹ ተነስቶ አጨበጨበላቸው። ልጅህ ግን አላጨበጨበችም። በቁመት ሁለት እሷን የሚያህለውን ልጅ ጎንበስ አስብላ፣ እግሩን እያሳየች ትቆጣው ነበር። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ግራ ቀለስ አድርጋ፣ ልክ እንዳንተ። እኔም ኩራቱ አላስቀምጥ ብሎኝ ቆሜ አየኋት።

ስወጣ የአንዱ ተጫዋች አባት፣ ጠና ያሉ ሰው፣ የአሰልጣኟ እናት መሆኔን ሰምተው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጄን ጨበጡና ወይዘሮ ብለው ባንተ ስም ጠሩኝ። እንኳን ደስ ያለዎት አሉኝ። ላርማቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አመሰግናለሁ ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ እግዚአብሔር ጉልበትህን ይጠግንልህ፤ እነዚያ ልጆች ላይ የምትጮህበትን ድምፅም አይንሳህ። ቤትህን ይባርክ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። ደብዳቤውን ለባለቤትህም አንብብላት፣ የሚደበቅ ነገር የለውም። ስለ ሽማግሌው ሰውዬ የጻፍኩትን ብቻ ብትዘለው ደስ ይለኛል።

የልጅህ እናት