ለስፖርት ክፍል ከእናቴ ጋር በእግር

ኦክቶበር 4፣ 2011
ዛሬም ሩጫ ነበር። አልሮጥም ብዬ ቆምኩ። የስፖርት አስተማሪዋ ሌላ ምርጫ ሰጠችኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ከቤተሰብ ሰው ጋር ፈጠን ብሎ በእግር መሄድ። ልብ መምታት አለበት፣ ማውራት ግን ሊያቅት አይገባም።
ከቤተሰብ ማን? የእናቴ ባል ዘሪሁን ታክሲ ላይ ነው የሚውለው። የቀረችው እናቴ ናት።

ኦክቶበር 6
ከሰፈራችን ከዊተን ወደ አስፐን ሂል ወጣን። በዚህ ክረምት ከአዲስ አበባ አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ብቻችንን ስንሆን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ምን ይወራል?
"ትምህርት እንዴት ነው?"
"ደህና ነው።"
"ብርድ ልብስ ልጨምርልሽ?"
"እርስዎ እንደፈለጉ።"
"እናትሽ እኮ ነኝ... አንቺ በይኝ።"
ፈጠን አልኩ። ያሳደገችኝ አክስቴ ልሳነወርቅ ናት። አንቺ የምለው እሷን ነው።

ኦክቶበር 13
ዘነበ። ቢሆንም ወጣን። እሷ ናት ጎትታ ያስወጣችኝ።

ኦክቶበር 15
ደስ ብሎኝ ነበር ዛሬ... ለምን እዋሻለሁ? ክንዴን ያዘችኝ። ተውኳት።

ኦክቶበር 20
እኔን ወደ አሜሪካ የማምጣቱ ፕሮሰስ ለምን እንደዚያ ዘገየ ብዬ ጠየቅኳት። እንዲሁ ለወሬ። አክስቴ ሁልጊዜ "ኤምባሲው ነው" ነበር የምትለኝ። ወደ ኋላ ቀረት አለች። ትንፋሽ ያጠራት መስሎኝ እርምጃዬን ቀነስኩ።
"ኤምባሲው አይደለም። ዘሪሁንን ሳገባው ልጅ አለኝ አላልኩትም።"
"መቼ ነገርሽው?"
"ስምንተኛ ክፍል ስትገቢ።"
"እስከዚያ እኔ ምን ነበርኩ?"
"...የእህቴ ልጅ።"
አንቺ ማለቴን ያወቅኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ኦክቶበር 21
ዘሪሁን ፒዛ ይዞ ገባ። "ምነው ስሂን፣ አኮረፍሽ?" እናቴ ያለችኝን ነገርኩት። አንገቱን ደፋ።
"እኔማ እንደሰማሁ ቶሎ አምጫት ነው ያልኳት።"
ይሄ ባሰብኝ። ታዲያ ማንን ነበር የፈራችው?

ኦክቶበር 25
"ዛሬ አንወጣም?" አለች። ራሴን አሞኛል አልኩ። ምኔንም አላመመኝም።

ዲሴምበር 16
በስፖርት ኤ አገኘሁ። እግሬ ጠንክሯል፣ ዳገቱ አያደክመኝም። የቀረውን የእግር ጉዞ የጨረስኩት ታች ፎቅ ከምትኖረው ከሩሃማ ጋር ነው። ለአስተማሪዋ እህቴ ናት አልኳት። እኔም እንደ እናቴ ቻልኩበት።
እናቴ ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ በር ላይ ቆመች።
"እንውጣ?"
"አልቋል። ውጤት ተሰጥቶናል።"
"ለውጤት አይደለም..."
ስልኬን አየሁ። ትንሽ ጠበቀችኝና ወጣች። በመስኮት ተመለከትኳት። ዳገቱን ብቻዋን ተያይዛዋለች። ሮጥ ብል እደርስባት ነበር።
መጋረጃውን ዘጋሁት።