ያቋረጥከው የዓይን ቅባት

ደሴ፣ ኅዳር 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዘይኑልአቢዲን፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ?» ብዬ አልጀምርም፤ የተጣላነው በጤናህ ነው። ንዴቴም ገና አልበረደም።

በጥቅምት ከንፈርህ ላይ ምች ወጣብህ፤ በነካህበት እጅህ ዓይንህን አሸኸው። ቀኝ ዓይንህ ሲቀላ ደግሞ ዳማከሴ ጨምቀህ አንጠበጠብክበት። ቅጠል፣ ዓይን ውስጥ! ከኮምቦልቻ ጎትቼ ደሴ አመጣሁህ። የዓይን ሐኪሙ፣ «ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ብሌኑን አቁስሎታል። ይህን ቅባት በቀን አምስት ጊዜ፣ ሳታቋርጥ» አለህ።

ፒያሳ ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ የባዮሎጂ መምህርነቴ ተነሣብኝ። ቫይረሱ ላዩ ላይ ባለው ፕሮቲን የእኛን ሴል እንደሚይዝ፣ ከዚያም ሌሎች ፕሮቲኖቹ የእሱንና የሴሉን ሽፋን፣ ወጥ ላይ እንደተገናኙ ሁለት የዘይት ጠብታዎች አንድ እንደሚያደርጉት፣ በመድኃኒቱ ካርቶን ጀርባ ሥዬ አሳየሁህ።

«ሰብሮ አይደለማ የሚገባው?» አልከኝ።

«አይሰብርም፤ ይዋሃዳል።»

«ታዲያ ቅባቱ ያንን ፕሮቲን ያጠፋልኛል?»

«አያጠፋውም። ቫይረሱ ከገባ በኋላ እንዳይራባ ነው የሚያግደው። ካቋረጥክ ወላሂ ዓይንህ አለቀልህ!»

«እሺ ራቢያ» አልክ። በስድስተኛው ቀን አቋረጥከው!

ባለፈው እሑድ ስመጣ ዓይንህ እንደገና ቀልቷል፤ ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ጥሏል። በጎረቤት ፊት ጮኽኩብህ። «ለድንጋይ ብናገር ይሰማኝ ነበር!» አልኩህ፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ላሳደግከኝ ለአንተ።

ምክንያቱን የነገረኝ መናኸሪያ ድረስ የሸኘኝ ሱሌማን ነው፤ ከጎንህ ባለው የሽመና ማሽን የሚሠራው። ቅባቱ እያደበዘዘብህ የተበጠሰ ክር ማየት አቅቶህ ነበር አለኝ። ሁለት ጊዜ ጨርቅ ተበላሽቶብህ ፎርማኑ፣ «ካላየህ ለሚያይ ልቀቅ» ብሎሃል።

ይህን ለእኔ መንገር ምን ነበረበት፣ ዘይኑ? ምን ነበረበት? ደግሞስ እኔ! ቫይረሱ በምን ይዞ እንደሚገባ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳወራ፣ «ስትቀባው ምን ትሆናለህ?» ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩህም። ከአንተ ይልቅ በራሴ ነው የተናደድኩት። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።

ትናንት ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። «በክኒን መሞከር ይቻላል፤ እንደ ቅባቱ አያደበዝዝበትም። መጀመሪያ ግን ልየው» አለ። ጠባሳው ይጠፋል ብሎ ቃል አልገባልኝም። ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቼ እወስድሃለሁ። ፈረቃህን ሱሌማን ይሸፍንልሃል፤ ተስማምተናል፣ እምቢ እንዳትለኝ።

እስከዚያው እጅህን በሳሙና ታጠብና ግራ ዓይንህን ሸፍነህ ይህችን መስመር በቀኙ ብቻ አንብባት። ካልታየችህ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ «አየኋት» ብለህ አትዋሸኝ።

እህትህ ራቢያ