የቫልቩ ክዳን

ሰኞ፣ መጋቢት 9። ከቀኑ 11 ሰዓት

ጋዙ እንደገና ጠፋ። ሁለተኛ ጊዜ! ሳንሱሲ፣ ወ/ሮ ጌጤነሽ ቤት። ባለቤታቸው ከአሰብ ተዛውረው ሲመጡ የአየር ማቀዝቀዣቸውን ጭነው መጡ። በዚህ ብርድ አገር! ወ/ሮ ጌጤነሽ ማሽኑ ሲሠራ ጋቢ ደርበው ይቀመጣሉ። ሳቄን ስውጥ ልሞት።

ደብተሬ፣ ላስረዳሽ። ማሽኑ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ውጭ ግድግዳው ላይ ነው። በመዳብ ቱቦ ይገናኛሉ፤ ጋዙ በዚያ ይዞራል። ውጭ በኩል ጋዝ የምንሞላበት ቫልቭ አለ። መጀመሪያ የጠፋው ቱቦው በጉዞ ላልቶ ነበር። ጋሽ ተካ አስተካከሉት፣ ባለፈው ሳምንት ሞላን። አሁንስ በየት ሄደ?

ጋሽ ተካ ሥራውን ያስተማሩኝ ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መሰላል የምወጣው እኔ ነኝ። ዛሬ ሳሎን ያሉትን የቱቦ ማሰሪያ ዳዶዎች በሙሉ ፈትተው አሰሩ፣ ጋዝ ከሾለከ እንዲነፋ የሳሙና አረፋ ቀቡ። ምንም። የውጭውን ቫልቭ ክዳን ዘግተሽ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደሜ ፈላ። ዘግቻለሁ፣ እመብርሃንን! አልኩ። በጾም። መሰላሉንም አላወጣሁም። በገዛ እጄ የዘጋሁትን ምን ላይ ልወጣ?

ማክሰኞ 10

መ/ቤት ገና ስንገባ የጥገና ክፍላችን ጓድ ኃላፊ ጮኸ። መጋዘን የቀረው አንድ ሲሊንደር ጋዝ ብቻ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የመጣ። ሁለት ጊዜ የባከነው በስህተት ነው ወይስ በአሻጥር? አለ። አሻጥር! ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ያ ቃል ሰው ይዞ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት የመጋዘኑን ሰው ይዞ ሄዷል፤ እስካሁን አልተመለሰም።

ቅዳሜ ሁሉም ጥፋቱን የሚናዘዝበት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አለ። ለጋዙ ጋሽ ተካ ቆመው ይመልሳሉ ተባለ።

ጋሽ ተካ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። "ውጭውን ልጅቷ ዘግቻለሁ ብላለች። ካለች ዘግታለች። ጥፋቱ ከኔ ነው" አሉ። ኮራሁ። እንዴት እንደኮራሁ!

ሐሙስ 12። ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ቱታዬን ሳጥብ ሳፋው ውስጥ ቅጭል አለ። ቁልፍ መሰለኝ። አወጣሁት።

የቫልቩ ክዳን ነው።

ወይኔ ልጅቷ! ወይኔ!

አሁን ሁሉም መጣልኝ። ያን ቀን ሞልቼ ጨርሼ፣ ክዳኑን እንደያዝኩ መሰላል ላይ ነበርኩ። ወ/ሮ ጌጤነሽ ከታች፦ ሽሮው ቀዘቀዘ፣ በሞቴ ውረጂ። መጣሁ አልኳቸው። በሞቴ! እሺ አልኳቸው። "ኧረ በሞቴ፣ አፈር ስሆን!" ሦስተኛውን ማን እንቢ ይላል? ኪሴ ከተትኩት፣ ወረድኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ በላሁ፣ መሰላሉን አንስቼ ሄድኩ። ቫልቩ ውስጥ ያለችው መርፌ አርጅታለች፤ ያለ ክዳን አትይዝም። ይህን ያስተማሩኝ ደግሞ ጋሽ ተካ ናቸው።

ቋሚ ሠራተኛ ልሆን ሁለት ወር ቀርቶኛል። ክፍሉ ውስጥ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ። ሴት ምን ታውቃለች የሚሉት እሰይ ሊሉ ነው። ይበሉ! አይ፣ አይበሉ። ፈራሁ ደብተሬ።

ዓርብ 13። ከቀኑ 10 ሰዓት

ጥርሴን አመመኝ ብዬ አስፈቅጄ ጠዋት ሳንሱሲ ሄድኩ፤ መሰላል ተውሼ ወጣሁ። ቫልቩ አፍ ላይ አረፋ ቀባሁ። ተነፋ፣ ፈነዳ፣ ተነፋ። የቀረችው ጋዝ በዚያ ነው የምትሄደው። ክዳኑን አስገባሁ፣ በኪያቬ አጠበቅሁ። ደግሜ ቀባሁ። ጸጥ።

ወ/ሮ ጌጤነሽ በሞቴ ማለት ጀመሩ። ሥራዬን ልጨርስ እማማ፣ ከዚያ እበላለሁ አልኳቸው። አኮረፉ። ጨርሼ በላሁ፤ ታረቁኝ።

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሰይጣን አጠገቤ ተቀመጠ። ክዳኑ ቦታው ገብቷል፣ ማን ያውቃል? ዝም በይ። እስከ አስኮ ድረስ አዳመጥኩት፣ ልዋሽሽ አልችልም።

መ/ቤት ስደርስ ጋሽ ተካ የቱቦ አፍ ማስፊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን። አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፣ የነገ ነገር አይታወቅም አሉኝ። ነገ ግለ ሂስ ብቻ ነው እኮ ልል ነበር። ተቀብዬ ቦርሳዬ ከተትኩት።

ቅዳሜ 14። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

አዳራሽ ነኝ፤ በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። አልተኛሁም ግን አልፈራም። ቁርጥ። ሌላው ሁሉ ግለ ሂስ ሲባል አርፍጄ ነበር ይላል። የኔ አጭር ነው። ክዳኑን ኪሴ ረሳሁ፣ ዘግቻለሁ ብዬ በሐሰት ማልኩ፣ ጋሽ ተካ አመኑኝ። አረፋው ሲነፋ በዓይኔ አይቻለሁ። የማያምን መሰላል ይዤለት ይውጣ፣ ክዳኑን ፈትቶ ይይ። ከሥራ ካባረሩኝም ማስፊያውን መልሼላቸው እሄዳለሁ።

ጋሽ ተካ ፊት ወንበር ናቸው። ኮት ለብሰዋል። ጓድ ኃላፊ ወረቀቱን ዘረጋ። ስማቸውን ጠራ። ወንበሩን ተደግፈው ሊነሱ ነው። ያ ጉልበት እስኪነሳላቸው ልቅደማቸው